ጠላ ቤት መስሎኝ የገባሁበት ቤት

ጠላ እወዳለሁ። ይህን ሳልናገር ብጀምር ኋላ የማወራችሁ ሁሉ የጤነኛ ሰው ሥራ ስለማይመስል አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል። ሌላው ሰው ደመወዝ ሲቀበል ቢራ ቤት ይሄዳል፤ እኔ ከሰፈራችን ጀርባ ካለች አንዲት ጠላ ቤት ጎራ እላለሁ። የሰው ስም ማጥፋት አልወድም፤ ግን እዚያች ቤት የጠጣሁ ዕለት ሆዴ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። ተሰብሳቢው ብዙ ነው፣ ሁሉም መናገር ይፈልጋል፣ ሰብሳቢ የለም። እንዲያም ሆኖ በሳምንቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። ፍቅር እንዲህ ነው መሰል።

መተዳደሪያዬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሽመልስ የሚባል የዘመሮ ልጅ አለ። ሽመልስ ጥሩ ሰው ነው፤ አንድ ጉድለቱ የመንዝን ነገር ካነሳ አለማቆሙ ነው። ብርዱን ያወድሳል፣ በጉን ያወድሳል፣ ጭጋጉን ሳይቀር ያወድሳል። በተለይ ሰኞ ጠዋት ሆዴን ይዤ ስገባ ሲያየኝ አይምረኝም።

«አንተ እኮ ጠላ ጠጥተህ አታውቅም» ይለኛል።

«ታዲያ ትናንት የጠጣሁት ምንድነው?»

«እሱማ እጣቢ ነው። ጠላ ከፈለግህ መንዝ ሂድ። የመንዝ ገብስ፣ የመንዝ ውኃ፣ የመንዝ ሴት እጅ።»

ስለዚህ አለቃችን አንድ ቀን ጥቅምት ላይ «መንዝ፣ መሐል ሜዳ ማሽን የቆመበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ማን ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የመፍቻ ቦርሳዬን አንግቤ ቆሜ ነበር። አለቃዬ ለሥራ ያለኝን ትጋት አደነቀ። እኔም አላረምኩትም።

ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም። ጣርማበር ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ለመናፈስ ወረድኩና ወዲያው ተመልሼ ገባሁ፤ ነፋሱ ከስስ የከተማ ጃኬቴ ጋር አንድም ጉዳይ እንደሌለው ሁሉ በቀጥታ ወደ አጥንቴ ነበር የሚያልፈው። መሐል ሜዳ ስደርስ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ስለነበር የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ስሜን ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ማሽኑን ከፈትኩት። ወረቀት የሚስበው ሮለር አልቆለታል። አዲስ አበባ ደወልኩና በማግስቱ በሚኒባስ እንዲልኩልኝ ተስማማን። ማሽኑ የተበላሸበት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሚካኤል የሚባል ትሑት ወጣት፣ «እስከዚያ ምን ይሠራሉ ታዲያ? እዚህ እኮ ብዙ የሚታይ የለም» ብሎ ተጨነቀልኝ። እኔ ግን የምሠራውን ከአዲስ አበባ ጀምሬ አውቀው ነበር።

በማግስቱ ፍለጋዬን ካደርኩበት ሆቴል ጀመርኩ።

«ጠላ አለ?» አልኩት አስተናጋጁን።

«ድራፍት አለ፣ ቢራ አለ፣ ሻይ አለ።»

«ጠላ ነው ያልኩህ።»

ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብሎ አየ። «ጋሼ፣ ጠላማ ሰው ቤት ነው ያለው» አለኝ።

ይህችን ቃል ልብ ብዬ ብሰማት ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ግን «ሰው ቤት» ማለት ጠላ ቤት ለማለት የአገሬው አነጋገር መሰለኝና አመስግኜው ወጣሁ።

ገበያው ዳር እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ አየሁና ልቤ ዘለለ። ገባሁ። ሴትየዋ ሐቀኛ ነበሩ። «ገበያው ትናንት ነበር፤ ዋናው አልቋል፤ ይኼ ቅራሪ ነው፤ ለውኃ ጥም ይሆንዎታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውኃ ሆኖ የተወለደ፣ ጠላን ግን በሩቁ የሚያውቅ ነገር ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ አጥር ላይ ሌላ ጣሳ አየሁ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ከበሩ ጥግ ካለ ድንጋይ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠላ እስኪቀርብልኝ ጠበቅሁ። ቀጂ የለም፣ ሌላ ጠጪም የለም። ኋላ ላይ እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

«ልጄ፣ ማንን ፈልገህ ነው?»

«ጠላ ነበር አባቴ።»

«ጠላ የለንም።»

«ጣሳው ተሰቅሎ አይቼ ነው።»

«ታጥቦ ሊደርቅ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም ተነሥቼ ይቅርታ ስጠይቅ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከዘራቸውን ዘርግተው የባሕር ዛፎቹን ጥግ አመለከቱኝ። «ጠላ ከሆነ የምትፈልገው የእትዬ አስካለን የሚያህል የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ፣ አረንጓዴ በር ነው። ዛሬማ እዚያ ቤት ጠላ አይጠፋም፤ ሰውም ሲገባ ታያለህ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ፣ አለዚያ እንደ ሞኝ ልትቆጥሩኝ ነው። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስወጣ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደውላ ቀኑ የየትኛው ቅዱስ እንደሆነ ትነግረኛለች። እሷ ባትኖር ፋሲካንም በበግ ዋጋ ነበር የማውቀው። የዚያን ዕለት ግን ኔትወርክ አልነበረም። ስለዚህ በመንገዴ ላይ የሚያርስም የሚፈትልም ሰው አለማየቴን፣ ነጭ የለበሰው ሰው መብዛቱን ሁሉ የመንዝ ሰው ረጋ ያለ፣ ንጽሕናም የሚወድ ነው ብዬ በአድናቆት አለፍኩት።

አረንጓዴው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ገፋ አድርጌ «እንደምን ዋላችሁ» ስል ቤቱ በሙሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ኖር።»

«በእግዜር» አልኩ ደንግጬ። እኔ በማውቃት ጠላ ቤት የሰው እግር ረግጠህ እንኳ ማንም አይነሣልህም። የመንዝ ጠላ ቤት እንዲህ ነው ለካ ብዬ በልቤ ለሽመልስ ይቅርታ ጠየቅሁት።

መደብ ላይ፣ አጎዛ በተነጠፈበት፣ አቶ ደምሴ ከተባሉ ትከሻቸው የቁም ሣጥን ከሚያህል ሰው ጎን አስቀመጡኝ። ከላይ በኩል አንድ ቄስ ተቀምጠዋል፤ መምሬ ተክሌ ይሏቸዋል። ቄስም ቢሆን ጠላ ይጠማዋል ብዬ አልተገረምኩም። ከዚያ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸውን ያደገደጉ ሴት ጆጉን ይዘው መጡ። እትዬ አስካለ ናቸው። ከጆጉ ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱና ዋንጫዬን ሞሉት።

ጠጣሁ።

እንዴት ልንገራችሁ። ጠቆር ያለ ነው፤ ግን ጥርት ያለ። መጀመሪያ የወይራው ጢስ ይመጣል። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ ልክ ሰው ቆሎ ሲቆላ በደጅ እንደሚያልፍ። ጌሾው መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው፤ እሱም ቢሆን በትሕትና። ሆዴ እንደ ልማዱ ስብሰባ ሊጠራ ተነሣና ሐሳቡን ቀየረ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው አቶ ደምሴ በአክብሮት ያዩኛል። የምጸልይ መስሏቸዋል።

መምሬ ተክሌ ዳቦ ባርከው ቆርሰው አሳደሉ። በነጻ ዳቦ የሚያድል ጠላ ቤት። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

«ከየት መጣህ ልጄ?» አሉኝ አንዲት አሮጊት ከፊት ለፊቴ።

«ከአዲስ አበባ ነው እናቴ።»

«ለሚካኤል ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ?»

የመዝገብ ቤቱን ልጅ ያወቁት መሰለኝ። ከተማው ትንሽ አይደል። «አዎ፣ እሱ ጠርቶኝ ነው» አልኩ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«እሱ ራሱ?»

«ራሱ።»

«እንዴት አድርጎ ጠራህ ልጄ?»

«በስልክ ነዋ።»

አሮጊቷ አማተቡ። መምሬ ተክሌ ሳል ያዛቸው። አቶ ደምሴ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «እንግዲህ ዘመኑ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ያከበሩኝ መስሎኝ ፈገግ እያልኩ ዋንጫዬን ጨለጥኩ።

ዋንጫው ባዶ ሲሆን እንደ ልማዴ አጨበጨብኩ። የእኛ ሰፈር ጠላ ቤት ቀጂ የሚጠራው እንዲያ ነው። ያጨበጨብኩት አንዴ ነበር፤ አሮጊቷ ግን «እልል» ብለው ተቀበሉኝ፣ መዝሙር አነሡ፣ ቤቱም ተከትሎ አጨበጨበ። ማቆም ነውር መስሎኝ እኔም አብሬ ቀጠልኩ። በመሐሉ እትዬ አስካለ መጥተው ዋንጫዬን ሞሉልኝ። የአጠራሩ ሥርዓት ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ ይሠራል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ነገሩ የከረረው ከዚህ በኋላ ነው። መምሬ ተክሌ ተነሥተው ጸሎት አደረሱና ከፊታቸው በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ ሸክላ አነሡ። ቤቱን ዙሪያውን ቃኙት።

«እንግዲህ ይህችን ማን ያነሣታል?» አሉ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አቶ ደምሴ ጫማቸውን አዲስ እንደገዙት ያህል አተኩረው ተመለከቱት። መምሬ ደግመው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ማሳረጊያ የምትሆን የመጨረሻ ምርጥ ጠላ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ የሚያነሣት አጥታ፣ ጠማቂዋ ተከፍተው የሚያለቅሱ ነበር የመሰለኝ። እንዲህ ያለ ጠላ ጠጪ ሲያጣ ዝም ብሎ ማየት አንጀቴ አልቻለም።

«ካላስቸገርኩ እኔ አነሣታለሁ» አልኩ።

ከዚያ እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። አቶ ደምሴ በዚያ ትከሻቸው አቅፈውኝ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሲለቁኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አሮጊቷ ጉልበቴን ሳሙኝ። ጠላ ለመጠጣት ፈቃደኛ በመሆኔ በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ሸክላዋን ነጠላ አልብሰው በእጄ ሲያስጨብጡኝ፣ ጧፍ ሲያበሩ፣ «ይዞ ይግባ» ብለው በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ነገሩ የጠላ ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ።

«ቤትህ ወዴት ነው?» አሉ መምሬ።

«ሆቴል ነው ያረፍኩት» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

ለደስታቸው ይህ ምንም አልነበረም። እየዘመሩ በከተማው መሐል አጅበው ይዘውኝ ሄዱ። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ድራፍት የያዙ ሰዎች ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አስተናጋጁ በሩን ከፍቶልን ቆመና ስናልፍ በጆሮዬ «ጋሼ፣ አገኙ?» አለኝ።

እንግዳ መቀበያው ጋ ስንደርስ መዝሙሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። መምሬ ተክሌ የቁልፍ መስቀያውን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ የኅዳር ሚካኤልን ድግስ እዚህ ልትደግስ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። የገባሁበት የሚካኤል ማኅበር፣ የተሸከምኩት የማኅበሩ ጽዋ፣ አነሣዋለሁ ያልኩት ደግሞ የመጪው ወር ድግስ ነው። መጪው ወር ኅዳር ነው። ኅዳር ሚካኤል እንደሌላው ወር ዳቦና ጠላ ብቻ ቀርቦ የሚታለፍ አይደለም፤ የዓመት በዓል ነው። ጽዋውን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ ጠላ ቤት መስሎኝ ነው የገባሁት» አልኩ።

እትዬ አስካለ ናቸው ቀስ ብለው የተጠጉኝ።

«የእኔ ቤት ነው ጠላ ቤት የመሰለህ?»

«አዎ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጠላውስ እንዴት ነበር?»

«እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም።»

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሚካኤል ጠራኝ ያልከውስ?» አሉ አቶ ደምሴ። የመዝገብ ቤቱ ሚካኤል መሆኑን ስነግራቸው እሳቸውም መጥተው ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ቆመው መሳቅ አልቻሉማ።

ሳቁ ሲበርድ መምሬ ተክሌ ነገሩን አስረዱኝ። ማኅበርተኛው አንዳንዱ አርፏል፣ አንዳንዱ ልጆቹን ተከትሎ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ወርዷል። የቀሩትም ባለፈው መኸር ገብሳቸውን በረዶ መትቶባቸው ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ደግሞ ገና ከማሳ አልገባም። «የኅዳርን የሚያነሣ ከጠፋ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን መልሰን ልንበተን ነበር ዛሬ» አሉኝ። «አንተን ማንም አያስገድድህም ልጄ። ባለማወቅ ነው ያደረግኸው። መልስልኝና በሰላም ሂድ።» እጃቸውን ዘረጉ።

ጽዋውን ልመልስላቸው ነበር፤ አልዋሽም። ግን አሮጊቷ ወደዚያ ዞረው ቆሙ፤ ላለማየት። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ጠላውን ማን ይጠምቅልኛል?»

«እኔ እጠምቅልሃለሁ፤ ቤቴም ቤትህ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ጉልበቱን ግን አንተ ታመጣለህ።»

በማግስቱ ማሽኑን ጠገንኩ። አዲስ አበባ ገብቼ ለእናቴ ስነግራት የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

«ማኅበር ግባ ብዬ ስንት ዓመት ለምኜሃለሁ» አለችኝ። «እኔ ያልቻልኩትን ጠላ ቻለው። መቼ ነው የምንሄደው?»

«አንቺም?»

«ድግስ አንተ ታውቃለህ?»

አለቃዬ የዓመት ፈቃድ ስጠይቀው ምክንያቱን ጠየቀኝ። «ጠላ ልጠምቅ ነው» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አይቶኝ ሲያበቃ ዕረፍቱ እንደሚያስፈልገኝ ተስማማ። ሽመልስ ግን አኮረፈኝ። «እኔ የአገሩ ልጅ ሆኜ ቤታቸውን አላውቀውም፤ አንተ ጽዋ ያዝክ?» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረኝም። በነጋታው ዘመሮ ላሉ ዘመዶቹ ደውሎ ብቅል አዘዘልኝ።

እናቴና እኔ ኅዳር ከመግባቱ በፊት ደረስን። ገብሱን ከቀየት ገበያ ገዛን። እናቴና እትዬ አስካለ ሰላም ከመባባላቸው በጌሾው መጠን ተጣሉ። እናቴ «ይህ ሁሉ ጌሾ ሰው ለመግደል ነው?» ትላለች፤ እትዬ አስካለ «እናንተ አገር ጠላ የሚጠጣው ለመድኃኒት ነው?» ይላሉ። እኔ በመሐላቸው ጌሾ እወቅጣለሁ። ማታ ላይ ሳያቸው አንድ ጋቢ ለብሰው ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ።

የእኔ ሥራ መውቀጥ፣ መሸከምና ጋኑን ማጠን ነበር። ማጠን ማለት የወይራ ፍልጥ አጭሶ ጋኑን በጢሱ ላይ መድፋት ነው። ጢሱ በደንብ መግባቱን በምን ይታወቃል ብዬ አሰብኩና ጋኑን ቀና አድርጌ ጭንቅላቴን አስገባሁ። በደንብ ገብቷል። ጭንቅላቴን ሳወጣ ዓይኔ አያይም፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ፊቴ ጥላሸት ለብሷል። መምሬ ተክሌ ለሰላምታ የመጡት ያኔ ነው።

«ምነው? ለማን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ ደንግጠው።

«ለጠላው ነው መምሬ» አለቻቸው እናቴ። «ከልቡ ይወደዋል።»

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ከደብረ ብርሃን የመጡ ነበሩ፤ ማኅበሩ ሳይፈርስ ቀረ ሲባል የሰሙ የድሮ ማኅበርተኞች። ቤቱ ሞልቶ ደጅ ተነጠፈ። ጆጉን ይዤ እንደተማርኩት ጥቂት በመዳፌ አፍስሼ ቀመስኩና ከመምሬ ጀምሬ ቀዳሁ። መምሬ ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የትምህርት ቤት ውጤት ስጠብቅ እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

«ጌሾው» አሉ መምሬ።

«በዛ?»

«ልክ ነው» አሉና ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ።

እናቴና እትዬ አስካለ ተያዩ። የማንኛቸው ልክ እንደሆነ እስካሁን አልተነገረኝም።

የታኅሣሥን ማን ያነሣል ሲባል የዚያን ዕለት የተጣላ ሰው አለ። አዲሱ ገብስ መታጨድ ጀምሯል፤ አቶ ደምሴ ተነሡ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ አንድ ሰውም ተነሡ፣ «እኔ ቀድሜያለሁ» ተባባሉ፤ መምሬ ናቸው የዳኟቸው። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ከእጄ ሽታው አልለቅ ያለውን ወይራ እያሸተትኩ፣ በመንገድ ያገኘኝን ሰው ሁሉ ማመስገን አማረኝ። አስተናጋጁን፣ ጣሳቸውን ያሰጡትን ሽማግሌ፣ ሮለሩን ዘግይቶ የላከልኝን የመጋዘን ሠራተኛ ሳይቀር።

ከዚያ ወዲህ በተመቸኝ ወር ሁሉ እሄዳለሁ። በማይመቸኝ እናቴ ትሄድ ነበር። ከእትዬ አስካለ ጋር በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት፣ ስገባ ዝም ይላሉ።

እናቴ በተከታዩ ክረምት አረፈች። ታምማ ብዙም አልቆየች። ለእትዬ አስካለ ደውዬ ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

በሣልስቱ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎረቤት መጣና «ከወዲያኛው ብሎክ ባለው ለቅሶ ቤት ባና የለበሱ ሰዎች ገብተው እያለቀሱ ነው፤ የሟቹን ስም ሲጠየቁ የእናትህን ስም ነው የሚጠሩት» አለኝ። እዚያ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ሞተው ነበር። ተነሥቼ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መምሬ ተክሌ ከፊት፣ እትዬ አስካለ፣ አሮጊቷ፣ አቶ ደምሴ፣ ሌሎቹም፤ ከመሐል ሜዳ ሚኒባስ ተኮናትረው፣ ዝናቡን ጥሰው መጥተዋል። ከኋላቸው የሹፌሩ ቤተሰቦች ሊያደርሷቸው ተከትለዋቸዋል።

«ሰውየውንም አልቅሰንላቸዋል» አሉኝ መምሬ። «ደግ ሰው ነበሩ አሉ።»

ድንኳኑ ውስጥ ገብተው በዙሪያዬ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ እናቴ ትለብሰው የነበረውን ጋቢ ጠይቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አቶ ደምሴ ከጎኔ ናቸው። እናቴ ከታመመች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም ነበር። የዚያን ዕለት በቀትር፣ ሰው እየገባና እየወጣ፣ ራሴን ያ ሰፊ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁና ተኛሁ።

ስነቃ ጀምበር አዘቅዝቃለች። አቶ ደምሴ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ክንዳቸው ደንዝዞ ሊሆን ይችላል፣ አልነገሩኝም። ባናቸውን አልብሰውኛል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ሩቅ ዘመዶቼ ሁሉ በመሐሉ መጥተው ሄደዋል። መምሬ በር በሩን እያዩ «ተኝቷል፤ ቀስ በሉ» እያሉ ሲያስገቡ ውለዋል። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ያለው እነሱን ነው። እነሱም ለእኔ ተቀብለውልኛል።